ሁለት ክንድ ጥላ

ነገሩ የሆነው በሩቅ አገር ነው። ቅርብ ቢሆን ኖሮማ የአገሩንም የሹሙንም ስም ጠርቼ ቤቴ በሰላም ባልገባሁ ነበር። ስለዚህ ሩቅ ነው እንበልና እንቀጥል።

በዚያ ሩቅ አገር ቤት በቤት ላይ የተደረበባት አንዲት ትልቅ ከተማ ነበረች። ሰው በዝቶ መሬት ስላነሰ ኑሮው ወደ ላይ ነበር። የከተማዋ ኪራይ ታዲያ እንደ ሌላው አገር በባለቤቱ አፍ አይጨመርም፤ የሚጨመረው በጥላ ነው። ከዘመናት በፊት አንድ ንጉሥ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሲያልፉ ፀሐይ ከበዳቸውና በአንድ ረጅም ቤት ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ደስ ቢላቸው ጊዜ፣ ይህን የመሰለ ጥላ ለሰጠ ሰው እንደ ጥላው መጠን ሊደረግለት ይገባል አሉ። ንጉሡ ምስጋና መናገራቸው ነበር፤ ሹማምንቱ ግን አዋጅ አድርገው ጻፉት። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በልኬት ቀን፣ የእያንዳንዱ ቤት ጥላ በገመድ ይለካል። ጥላው ስንት ክንድ ከሆነ በኪራዩ ላይ ያን ያህል አላድ ይጨመራል።

ለዚህ ሥራ ሹመቱ ብዙ ነው። የሁሉ አለቃ ሊቀ ጥላ ይባላል። ከሥሩ ገመድ ያዦች አሉ። ጥላው በእርግጥ ጥላ መሆኑን በመሐላ የሚያጸና የጥላ ምስክር አለ። በልኬት ቀን ጭራ ይዞ ደመና የሚያባርር፣ ደመና ከልካይ የሚባል ባለደመወዝም አለ። ደመና ከመጣ ይቀጣል፣ ካልመጣ ይሸለማል፤ የልኬት ቀን በበጋ ስለሚውል ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸለም የኖረ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወጡት እነዚህ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አዋጁ አንድ ነገር ረስቷል። ጥላው በስንት ሰዓት እንደሚለካ አይናገርም፤ ሰዓቱን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ባለቤቶቹም አሥራ አንድ ሰዓትን ይመርጣሉ፤ ያኔ ዶሮ እንኳ የግመል ጥላ አላት። ያም ያላጠገበው በጣሪያው ላይ ረጅም አጣና ያቆማል። በማግስቱ ያለው ጠዋት የፍራሽ ማለዳ ይባላል። ጭማሪውን ያልቻለ ሁሉ ፍራሹን በራሱ ላይ አድርጎ ሌላ ቤት ፍለጋ ይወጣል፤ መንገዱ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል፤ ሰው ፊቱ ስለማይታይ ወዳጅ ከወዳጁ ተጋጭቶ ሳይተዋወቅ ያልፋል።

በዚህች ከተማ ደብሪቱ የምትባል ፍራሽ አዳሽ ነበረች። ያረጀ ፍራሽ ተርትራ፣ ጥጡን ነድፋና ፀሐይ አስመትታ፣ መልሳ ስትሰፋው አዲስ ነው ብሎ የማይከራከር አልነበረም። እጇ የተባረከ ነው ይሏት ነበር፤ እውነትም የተባረከ ነው። በዓለም ላይ ያላት ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፦ ዐይናቸው የጠፋ አባቷ፣ አቶ ገብረየስ።

አቶ ገብረየስ ቤት የሚማሩት በእጃቸው ነበር። ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ መድረኩን በእግራቸው እየፈለጉ፣ ውሃው የት እንደሆነ፣ መስኮቱ የት እንደሆነ ቀስ ብለው ያጠናሉ። ቤቱን ጨርሰው ሲለምዱት ዓመቱ ይሞላና ጥላው ይለካል። በዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ቤት ተማሩ። ዘጠነኛው ቤት ከስምንተኛው አንድ ደረጃ ይበልጥ ነበርና፣ ገና በገቡበት ሰሞን ያቺን አንድ ደረጃ ሳያገኟት ቀርተው ወደቁ። ስድስት ወር ተኝተው ተነሡ። ሲነሡም ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡና ከእንግዲህ ሌላ ቤት እንደማይማሩ፣ የሚቀጥለው መውጫቸው ወደ መቃብር እንደሚሆን ነገሯት። በቁጣ ቢናገሩት ይሻላት ነበር። የተናገሩት ግን እንደ ደከመው ሰው፣ ዝግ ብለው ነው።

አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ደብሪቱ ከሚቀጥለው የልኬት ቀን በፊት ጭማሪው ልክ ያለው፣ አንዴ ከገቡበት የማይወጡበት ቤት ልታገኝ ለራሷ ቃል ገባች። ጊዜዋ አምስት ወር ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ጫንያለው ወደሚባል ደላላ ነበር። ጫንያለው ስለ ቤት ሲያወራ ምላሱ ማር ነው። የመስኮቱን ስፋት፣ የወለሉን ልስላሴ፣ ጎረቤት የሚኖረውን የሹም ዘመድ ሳይቀር ይዘረዝራል። ጭማሪው እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀው ግን ሳል ይይዘዋል። በዚያ ከተማ ይህን መጠየቅ ነውር ነበር፤ የሰው ዕድሜ እንደመጠየቅ ይቆጠራል። ደብሪቱ ነውሩን ችላ አሥራ ሰባት ቤት ጠየቀች፤ ጫንያለውም አሥራ ሰባት ጊዜ ሳለ። በመጨረሻ፣ የምትፈልጊውን ዓይነት ቤት አያቶቻችን በተረት ነው የሰሙት ብሎ ሳቀባት።

ቤቱን ያገኘላት ደላላ አይደለም፤ የገዛ ሥራዋ ነው።

ፍራሽ ያደሰ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። በየዓመቱ የሚሸከሙት ፍራሽ የሚቀደደው ከማዕዘኑ ነው፤ በር ይነክሰዋል፣ ደረጃ ይፍቀዋል፣ ገመድ ይበላዋል። የከተማው ፍራሽ ሁሉ ሲመጣላት ማዕዘኑ ተጠግኖ ተጠግኖ መሐሉ ግን ገና ያልጎደጎደ ነበር። አንድ ቀን ሽብሩ የሚባሉ ቁልፍ ሠሪ ፍራሽ ይዘው መጡ። ደብሪቱ ዘርግታ አየችውና እጇ ቆመ። አራቱም ማዕዘን የተሰፉበት ቀን እንደነበሩ ናቸው፤ መሐሉ ግን የሁለት ሰው ያህል ጎድጉዷል። ይህ ፍራሽ ሃያ ዓመት ከቦታው አልተነሣም። ደብሪቱ ጉድጓዱን በመዳፏ ዳሰሰችና እንባ መጣባት። ሰው በአንድ ቦታ ረግቶ ሲተኛ ይህን ይመስላል ለካ፣ አለች በልቧ።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሽብሩ እንደ ሌባ ደነገጡ። ወዲያ ማዶ ነው አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ማዶ ነው አሉ፣ ከዚያ ሳይጠየቁ ሒሳቡን ነገ እከፍላለሁ ብለው ሊሄዱ ተነሡ። ደብሪቱ ነገሩ ወዲያው ገባት። በዚያ ቤት የሚኖሩት ሰዎች የቤቱን ነገር የሚጠብቁት በዝምታ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ሊቀ ጥላው ከሰማ ያስለካዋል፣ ደላላው ከሰማ ያሻሽጠዋል። ፍራሹ ሲያልቅ እሷው እንደምታደርስላቸው ነገረቻቸው። ሽማግሌው ብዙ ተከራከሩ፤ ወገባቸው ግን ፍራሽ የሚሸከም አልነበረምና ተሸነፉ።

ቤቱ ባለ አራት ፎቅ ነው። ከውጭ ሲታይ ምኑም አያስደንቅም። በየመስኮቱ ላይ ግን በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ግንዱ እንጨት እስኪሆን ድረስ አርጅቶ ይታያል፤ በዚያ ከተማ ጤና አዳም የሚተክል ሰው የለም፣ ሳያሸተው ስለሚለቅ። በግቢው ውስጥ አንዲት አሮጊት መሰላል ላይ ቆመው ግድግዳውን ኖራ ይቀባሉ። ደብሪቱ ሠራተኛ መስለዋት የቤቱን ባለቤት የት እንደምታገኝ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ፤ መሰላሉን ያዢልኝ» አሏት።

እኒህ ሴት እመት ብዙአየሁ ናቸው። ስለ እሳቸው ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ። በዚያች ከተማ ከነበሩት ባለቤቶች ሁሉ በልኬት ቀን ከስድስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የሚያስለኩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፀሐይ ገና ከአናት ፈቀቅ ስትል የዚያ ሁሉ ፎቅ ጥላ ሁለት ክንድ ነው። የሰፈሩ ገመድ ያዥ ሰነፍ ሰው ነበርና፣ በጊዜ ለክቶ ወደ ጠላው የሚሄድበት ቤት በማግኘቱ ፈጣሪውን እያመሰገነ ለማንም አልተናገረም። አንዳንዴ ስንፍናም ለሰው ይጠቅማል።

ደብሪቱ መሰላሉን እንደያዘች የአባቷን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። የሁለቱን ክንድ ነገር ከነገሯት በኋላም፣ አንድም ክንድ ሳይጨምሩ መተው ሲችሉ ለምን ሁለት እንደሚያስለኩ ጠየቀች። ድፍረቷ ሳያስቀይማቸው አልቀረም፤ ቢሆንም መለሱላት።

«ኖራ በየዓመቱ ይወደዳል። ሁለቱ ክንድ ለኖራው፣ ለጣሪያው፣ ለእኔም እንጀራ ነው። ሦስተኛዋ ክንድ ግን ከግድግዳዬ አትወጣም፤ ከሰው ጉሮሮ ነው የምትወጣው።»

ክፍል ግን አልነበረም። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው የለም፤ የሚለቀቀው ሰው ሲሞት ነው፣ ያን ደግሞ ለማንም አልመኝም አሉ። ከሆነ እንደሚያስቡላት ነገሯት። ደብሪቱ አልከፋትም። እንዲህ ያለ ቤት በምድር ላይ መኖሩን ማወቋ ብቻ መንገዱን ሁሉ ፈገግ አሰኛት።

ጥፋት የመጣው ከዚህ ደስታ ነው። በመንገዷ ላይ ጫንያለው አገኛትና፣ የተረቷን ቤት አገኘሻት ወይ ብሎ ቀለደባት። እሷም ኩራት ያዛትና፣ አንተ በምላስህ ያጣኸውን እኔ በፍራሽ አገኘሁት አለችው። ቤቱን አልነገረችውም። ማዕዘኑ ያልተቀደደ ፍራሽ የት እንዳለ አውቃለሁ ማለቷ ግን ለደላላ በቂ ነው፤ ወሬው በሦስተኛው ቀን ሊቀ ጥላው ዘንድ ደረሰ።

ሊቀ ጥላ ድልነሳሁ ዘወትር አንድ ሰው ከኋላው ትልቅ ዣንጥላ ይዞለት የሚሄድ ሹም ነው። ዣንጥላው ለፀሐይ አይደለም፤ የሊቀ ጥላ የገዛ ጥላ መሬት ላይ ወድቆ በተራ ሰው እንዳይረገጥ ነው። ደብሪቱን አስጠርቶ ከፊቱ አቆማት። አንድ ሰፈር በየዓመቱ ከሚገባው ክንድ እያነሰ እንደሚያስገባ፣ ጥላውን የሚደብቅ ከሃዲ ቤት በዚያ እንዳለ፣ ቤቱን የምታውቀው እሷ ብቻ እንደሆነች ነገራት። ከተናገረች ከቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር፣ ምድር ቤት፣ አንድ ክፍል ለአባቷ ይሰጣል። ክፍሉ በቤተ መንግሥቱ ጥላ ውስጥ ስለሆነ የራሱ ጥላ የለውም፤ ጥላ የሌለው ደግሞ አይለካም። አባትሽ እስኪሞቱ ድረስ አይነሡም አላት። ለማሰብ አንድ ቀን ሰጣት።

ደብሪቱ ቤቷ ገባች። ወራት ሙሉ የፈለገችው ነገር በአንዲት ቃል ደጇ ቆሟል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልትናገር ነበር። እመት ብዙአየሁን አሰበች፣ ጋሽ ሽብሩን አሰበች፣ ከዚያ አባቷ ያቺን አንድ ደረጃ ስተው የወደቁበትን ድምፅ አሰበች። ድምፁ ከሁሉ በለጠባት። ለአባቷ ግን ሳትነግር ማድረግ አልሆነላትም፤ ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አቶ ገብረየስ እስክትጨርስ ሰሟት። በዚያ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቁ። አርባ በር ያህል አለ አለቻቸው።

«ልጄ፣ አርባ በር ዘግተሽ ለእኔ አንድ በር አትክፈቺልኝ። ሌላ ቤት አልማርም ያልኩት ደክሞኝ ነው፤ እማራለሁ። ወደምትወስጂኝ ውሰጂኝ» አሉ።

በማግስቱ ደብሪቱ ሊቀ ጥላው ፊት ቀርባ፣ ፍራሽ ሁሉ አንድ ነው፣ ለደላላው የተናገረችውም የጉራ ወሬ ነው አለች። ሹሙ አላመናትም። እሱም የዋዛ አልነበረምና ወዲያው አዲስ አዋጅ አስነገረ፦ በመጪው የፍራሽ ማለዳ በየቤቱ ደጅ አንድ የጥላ ምስክር ይቀመጣል፤ አንድም ፍራሽ ያልወጣበት ቤት ጥላውን እንደደበቀ ተቆጥሮ፣ ያለፈው ሃያ ዓመት ሁሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ጥላ እንደገና ይታሰባል። ፍራሽ ይዞ የሚወጣም ክፍሉን በእውነት መልቀቁን ይምላል። ያን ያህል ጭማሪ የሚችል ተከራይ በዚያ ቤት አንድ የለም፤ አርባውም በር ባዶ ሊሆን ነው።

ደብሪቱ ሮጣ እመት ብዙአየሁ ዘንድ ሄደች። ጥፋቷን ሳትሸሽግ፣ ምላሴ ነው ያመጣባችሁ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ተከራዮቹ በግቢው ተሰበሰቡ። አንዳንዱ ደብሪቱን በዐይኑ ገረፋት፣ ሌላው ፍራሽ አውጥተን ማታ እንመልስ አለ። እመት ብዙአየሁ ይህን አልተቀበሉም፤ በቤቴ በሐሰት የሚምል ሰው አይኖርም አሉ። እንግዲያውስ ከእናንተ መሐል በእውነት የሚለቅ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አሮጊቷ ማንንም አልወቀሱም፤ ደብሪቱን ከመሬት አነሥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፦ አባትሽ ደረጃ መውጣት ይችላሉ? አይችሉም አለቻቸው። በይ ሂጂ አሉና ወደ ኖራቸው ተመለሱ።

የልኬት ቀን ደረሰ፤ ደመና ከልካዩ እንደ ልማዱ ተሸለመ። ደብሪቱ የምትኖርበት ቤት አሥራ ዘጠኝ ክንድ ጣለ። በፍራሽ ማለዳ አባቷን በተከራየችው ጋሪ ላይ፣ በፍራሻቸው ላይ አስቀምጣ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ መንገድ ወጣች። የአቶ ገብረየስ እጅ የጋሪውን ጠርዝ እየዳሰሰ ያጠናዋል። ያኔ ጋሽ ሽብሩ ሲያለከልኩ ደረሱባት፤ እመት ብዙአየሁ እንደሚፈልጓት፣ ጋሪውን እንደያዘች እንድትመጣ ነገሯት።

ሲደርሱ ምስክሩ ከቤቱ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መዝገቡ ጭኑ ላይ ነው፤ ገጹ ባዶ ነው። ጎረቤት ካለው ቤት አሥር ፍራሽ ወጥቷል፣ ከዚያኛው አሥራ አራት፣ ከዚህ ግን አንድም። ምስክሩ እስክሪብቶውን እያሻሸ ተስፋ የሞላበት ፊት አሳይቷል። በዚህ መሐል የባለቤቲቱ መኖሪያ የሆነው የምድር ቤት ክፍል በር ተከፈተና እመት ብዙአየሁ ፍራሻቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወጡ።

በዚያች ከተማ ከተማ ከሆነች ጀምሮ፣ በፍራሽ ማለዳ ፍራሽ የተሸከመ ባለቤት ታይቶ አያውቅም። ምስክሩም የቤቱን ባለቤት በመልክ አያውቃቸውም፤ ባለቤት ማለት ለእሱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። አንዲት ደሃ አሮጊት ብቻ አየና አዘነ። ሰው ነውና። ክፍልዎን በእውነት ለቀዋል ወይ ብሎ አስማላቸው። በእውነት ለቅቄአለሁ ብለው ማሉ። ምስክሩ መዝገቡን አጠፍ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ የሚያስወጣዎት ምን ዓይነት ክፉ ባለቤት ነው?»

«ክፉስ አይደለችም፣ ልጄ። ለባሰበት ልቀቂለት ብላኝ ነው» አሉት።

ምስክሩ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። እመት ብዙአየሁ መንገዱን ተከትለው በጥግ ታጠፉ፤ በጓሮ በር ጋሽ ሽብሩና ሌሎቹ ጠብቀው ፍራሹን ተቀበሏቸው። ጣሪያው ሥር የኖራ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰማንያ ደረጃ ወጥተው እዚያ ገቡ፤ ዳግመኛም ወደ ምድር ቤቱ አልተመለሱም። በፊተኛው በር ደግሞ ደብሪቱ አባቷን በክንዷ ደግፋ ወደተለቀቀው የምድር ቤት ክፍል አስገባች። መድረኩ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ኖራ ስለተቀባ ገና ይቀዘቅዛል። ደብሪቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ አባቷም አልከለከሏት፣ የሚዳስሱት ግድግዳ ነበራቸው።

የምስክሩ መዝገብ ሊቀ ጥላው ዘንድ ሲደርስ ሹሙ ሁለት ጊዜ አነበበው። አቅም የሌላትን አሮጊት እንኳ ሳይምር ያስወጣ ባለቤት! ከሃዲ ሲፈልግ አርአያ አገኘ። በዚያው ወር ለቤቱ ባለቤት የጽናት ሽልማት የሚባለው፣ ከንጹሕ ብር የተሠራ አንድ ክንድ ዘንግ ተላከ። እመት ብዙአየሁ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሹሙን አመስግነው፣ በሳምንቱ ሸጡና ኖራ ገዙበት። ኖራው ለሦስት ዓመት በቃ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ገመድ ያዡን የጠሩት ልክ በስድስት ሰዓት ነበር፤ ሰነፉ ሰውም ገመዱን ሳይፈታ ወደ ጠላው ሄደ።

አቶ ገብረየስ በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሲያርፉም በገዛ ፍራሻቸው ላይ ነበር።

ቤቱ ዛሬም አለ ይባላል፤ ጤና አዳሙም፣ ኖራውም እንዳለ ነው። በየት በኩል ነው፣ የትኛው መንገድ ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ከእናንተ መሐል ፍራሹ ከማዕዘኑ የተቀደደበት ስንት እንዳለ ከፊታችሁ ይታየኛል። ደብሪቱ ግን አባቷን ይዛ ጎዳና የወጣችው ይህን ላለመናገር ነው፤ እኔም አልነግራችሁም።